ከመቆፈራችሁ በፊት መሬቱን እዩት
(ደሴ ላይ ለመኖሪያ ቤት ኅብረት ሥራ ማኅበራት አባላት የተደረገ ንግግር፣ በመጠኑ ታርሞ የቀረበ)

አሰላሙ አለይኩም። ጤና ይስጥልኝ። እናቶች፣ አባቶች፣ ወንድሞችና እህቶች፣ እንደምን ዋላችሁ? ከኋላ ያላችሁ ይሰማል? ጥሩ።

በመጀመሪያ እንኳን ለዚህ አበቃችሁ። ዕጣው ወጥቷል፣ መሬቱ ተለክቷል። ያ በዝግ ሒሳብ የተቀመጠው ገንዘብ እንዴት እንደተጠራቀመ አውቃለሁ። ከደመወዝ ላይ ነው፣ ከልጆች ልብስ ላይ ነው፣ ከበዓል በግ ላይ ነው። ይህ ገንዘብ ሁለተኛ አይገኝም። ስለዚህ ዛሬ የምናገረው ነገር ለእኔም ቀላል አይደለም።

ሥራዬ የቤት ዲዛይን ነው። ሰው ቤት ሊያሠራ ሲመጣ ብዙ ጊዜ ስልኩን አውጥቶ ፎቶ ያሳየኛል። ፎቶው አዲስ አበባ ያለ ቪላ ነው፣ አንዳንዴም ዱባይ ያለ። ፊቱ በሙሉ መስታወት ነው። «ይህንን ቁጭ አድርግልኝ» ይለኛል። እኔ ደግሞ እጠይቃለሁ፦ መሬትህ ዳገት ነው ወይስ ሜዳ? ክረምት ላይ ጎርፉ በየት በኩል ይመጣል? ጠዋት ፀሐይ የሚያገኘው የትኛው ጎን ነው? ሲቆፈር የሚወጣው ድንጋይ ነው ወይስ ዋልካ? ብዙ ሰው መልስ የለውም። መሬቱን ያየው ካርታው ላይ ነው።

የዛሬው ንግግሬ ፍሬ ነገሩ ይኸው ነው። ወሎ ውስጥ ቤት ሲታሰብ ከመሬቱ፣ ከአየሩና እጃችን ላይ ካለው ድንጋይና አፈር መነሳት አለበት። እንዲህ ሲሆን ወጪው ይቀንሳል፣ ቤቱ ይመቻል፣ ዕድሜም ይኖረዋል። በአራት ነጥብ እከፍለዋለሁ፦ መሬት፣ ግድግዳ፣ ፀሐይ፣ ውሃ። ግድግዳው ላይ እቆያለሁ፣ ታገሱኝ።

ከመሬት እንጀምር።

ደሴ የት ነው ያለችው? የስምጥ ሸለቆው አፋፍ ላይ። በዚህ በኩል ጦሳ ተራራ፣ በዚያ በኩል አዝዋ ገደል። የመሬት መንሸራተት ለዚህች ከተማ አዲስ ነገር አይደለም፣ ባለሙያዎችም በተደጋጋሚ አጥንተውታል። ታዲያ ዳገት ላይ ስንሠራ ምን እናደርጋለን? ዳገቱን ቀጥ አድርገን እንቆርጠዋለን። የወጣውን አፈር ወደ ታች እንደፋለን። ደልደል እናደርግና እላዩ ላይ እንገነባለን። ግማሹ ቤት ያልተነካ መሬት ላይ ነው፣ ግማሹ የተደፋ አፈር ላይ። ክረምት ሲገባ የተደፋው ይሰምጣል። ያኔ ቤቱ መሀሉ ላይ ይሰነጠቃል። ስንጥቁን በጄሶ እንደፍነዋለን። በቀጣዩ ክረምት እንደገና ይከፈታል።

አንድ የማውቃቸው ጡረታ የወጡ መምህር ነበሩ። ከቤታቸው ጀርባ ዳገቱ ተቆርጦ በብሎኬት ተደግፏል። ግንቡ ውሃ የሚያስወጣ አንድ ቀዳዳ አልነበረውም። ነሐሴ ላይ ግንቡ ሆዱን ነፋ። ጎረቤት ነው መጀመሪያ ያየው፤ ገብቶ «ጋሼ፣ ልጆቹን ዛሬውኑ አውጧቸው» አለ። አወጧቸው። ሌሊት ግንቡ ወደቀ፣ ማድ ቤቱም አፈር ውስጥ ገባ። ሰው አልተጎዳም፣ አልሐምዱሊላህ። በማግሥቱ ሄጄ አየሁት። ብሎኬቱ ከአፈሩ ጋር ተደባልቆ ተዘርግቷል፣ ከተቆረጠው ዳገት ግርጌ ደግሞ ውሃው ገና ይንጠባጠባል። አፈሩን ግንቡ ይችለው ነበር። ያልቻለው ከአፈሩ ውስጥ መውጫ ያጣውን ውሃ ነው።

ገበሬዎቻችን ይህንን ያውቁታል። እስቲ ወደ ተሁለደሬ፣ ወደ አምባሰል፣ ወደ ቃሉ ሂዱና ዳገቱን እዩ። ካብ ነው፣ እርከን ነው። በተለይ ከ1977ቱ ድርቅ በኋላ የወሎ ገበሬ ስንት ተራራ በድንጋይ ካብ ሸነሸነ! ከማሳው በላይ ደግሞ ጎርፍ መቀልበሻ ይቆፍራል። ታዲያ ለጤፍ የምናደርገውን ለቤታችን ለምን እንነፍገዋለን?

እንግዲህ ይህንን ያዙልኝ። የቤታችሁ ረጅሙ ጎን ዳገቱን አግድም ይከተል። ዳገቱን በአንድ ጊዜ ከሰው ቁመት በላይ አትቁረጡ፤ ቤቱን በደረጃ አውርዱት፣ ሳሎኑ ከፍ፣ መኝታው ዝቅ ይበል። መሠረታችሁ የተደፋውን አልፎ ያልተነካውን መሬት ይንካ። ከቤቱ በላይ ጎርፍ መቀልበሻ ይኑር። ከደጋፊ ግንቡ ጀርባ ጠጠር ሙሉበት፣ ቧንቧም አሳልፉበት። የሽንት ቤት ጉድጓድ ከቤቱ በላይ በኩል አትቆፍሩ፤ ዳገቱን ዓመቱን ሙሉ ውሃ ታጠጡታላችሁ ማለት ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ጎርፍ የግል ጉዳይ አይደለም። የእኔ መቀልበሻ ውሃውን ጎረቤቴ ግቢ ላይ ከደፋው ምን ዋጋ አለው? ቅሬ፣ ማለትም ዕድር፣ አለን አይደል? ለለቅሶ እንሰበሰባለን፣ ድንኳን እንተክላለን፣ ንፍሮ እንቀቅላለን። ለጎርፍም እንሰብሰብ። ማኅበራችሁ የመጀመሪያውን ቤት ከመጀመሩ በፊት የጋራ ቦዩን ይቆፍር። የመጀመሪያው ግንባታ ቦይ ይሁን!

ሁለተኛው ግድግዳ ነው።

ላስታ የሄዳችሁ ታውቁታላችሁ። ላሊበላ ውስጥ ክብ የሆኑ፣ ባለ ደርብ የድንጋይ ቤቶች አሉ፤ ጣሪያቸው ሣር ነው። ብዙ ሰው ፍልፍል አብያተ ክርስቲያናቱን አይቶ ይመለሳል፤ ከጎናቸው ያሉትን የሰው መኖሪያ ቤቶች ልብ አይላቸውም። ወደ ከሚሴ በኩል ደግሞ የአርጎባዎች መንደር ሾንኬ አለ። ኮረብታ አናት ላይ ነው። ቤቱ የተገነባው በድንጋይ ነው፣ እርስ በርሱ ተጠጋግቶ ነው የቆመው። ያ መንደር መሬት አላባከነም። የሚታረሰውን ለእርሻ ትቶ ድንጋዩ ላይ ሰፈረ። ስለ ቁጠባ ቤት ልንማር ውጭ አገር ከመሄዳችን በፊት ሾንኬን ብንጎበኝ ምን አለበት?

የእናቴ እናት ቤት ደላንታ ነበር። ግድግዳው ከክንድ በላይ ውፍረት አለው። እኛ ልጆች መስኮቱ ላይ ወጥተን እንቀመጥ ነበር፣ እግራችንን አጥፈን። ሐምሌ ላይ ውጭው ጉም ነው፣ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ውስጥ ግን ጋቢ ይበቃል። ወፍራም ድንጋይና ጭቃ ቀን የጠጣውን ሙቀት ማታ ቀስ እያለ ይመልሳል። ባለ 20 ሳንቲ ክፍት ብሎኬት ይህንን አያደርግም። ደሴ ውስጥ አዲስ ቤት ገብታችሁ ማታ ማታ የሚበርዳችሁ ለዚህ ነው።

ምርጊቱን የማያውቅ እዚህ አለ? ቀይ አፈር ይነፋል፣ የጤፍ ጭድ ይበተንበታል፣ ውሃ ይጠጣል። ከዚያ በእግር ይረገጣል። ለቀናት ይተዋል፣ ይቦካል፣ ይሸታል፣ እንደገና ይረገጣል። ሲደርስ እጅ ላይ ይለጠጣል እንጂ አይበጠስም። አያቴ ገና ያልደረሰ ጭቃ ግድግዳ ላይ ሲለጠፍ ካየች ታስቆም ነበር። «ይሄ ይሰነጠቃል፣ አሳድሩት» ትላለች። ለጅጌ፣ ለደቦ የወጣው ሰው ሁሉ ይሰማታል። ይህ ምህንድስና ነው፣ እናቶቻችን ሲሠሩት የኖሩት ምህንድስና።

ታዲያ ለምን ተናቀ? «የጭቃ ቤት» ስንል የድህነት ስም አድርገነዋል። እውነት ነው፣ ብዙዎቹ የጭቃ ቤቶቻችን ችግር አለባቸው። ባህር ዛፉ መሬት ውስጥ ተቀብሮ ምስጥ ይበላዋል። ከጣሪያ የሚወርደው ውሃ መሬት ነጥሮ የግድግዳውን እግር ይልሰዋል። ግን እዩት፣ ሁለቱም የጭቃው ጥፋት አይደለም! ቤቱን ከመሬት ከፍ ባለ የድንጋይ መሠረት ላይ አስቀምጡት። ቋሚውን አትቅበሩት፣ መሠረቱ ላይ አሳርፉት። የጣሪያውን ክፈፍ አስረዝሙት። ከዚያ ጭቃው ዕድሜ ያገኛል።

ሲሚንቶ አትጠቀሙ እያልኩ ነው? በፍጹም። ሲሚንቶ ትልቅ ነገር ነው፣ ግን ውድ ነው። ለኪሳችንም፣ ለአየሩም። ጥሬ ዕቃው እስከ 1,450 ዲግሪ ድረስ ነው የሚቃጠለው። ሰው ከሚለቀው የዓለም ካርቦን ከ7 እስከ 8 በመቶ ያህሉ ከሲሚንቶ ሥራ ይመጣል። ስለዚህ ሲሚንቶን በሚያስፈልግበት ቦታ አውሉት፦ መሠረት ላይ፣ ማሰሪያ ቢም ላይ፣ መታጠቢያ ቤት ላይ። ሌላውን ቦታ ለድንጋይና ለአፈር ስጡት።

የሚያናድደኝን ልንገራችሁ። መሬት ስንቆፍር ጥቁር ድንጋይ ይወጣል፣ ያማረ ባዛልት። ለሲኖ ከፍለን እናስጥለዋለን። ከዚያ ለሌላ ሲኖ ከፍለን ብሎኬት እናስመጣለን። ለምን? ድንጋዩ ተጠርቦ ግድግዳ መሆን ይችላል። ደሴ ውስጥ የንጉሥ ሚካኤልን አይጠየፍ አዳራሽ ያላየ የለም። ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል፣ ቆሟል። የድንጋይ ግንበኛ ደግሞ በወሎ ሞልቷል። ገንዘባችሁ ለሲኖ ኪራይ ከሚሄድ ለእነዚህ ልጆች እጅ ቢገባ አይሻልም?

የአፈር ብሎኬትም አለ። አፈሩ ይነፋል፣ ከ5 እስከ 10 በመቶ ሲሚንቶ ይገባበታል፣ በማሽን ይጨመቃል። በእጅ የሚሠራ ማሽንም አለ። በእሳት አይተኮስም፣ ስለዚህ እንጨት አይፈጅም። እርስ በርሱ የሚቆላለፈው ዓይነት ማያያዣ ብዙ አይፈልግም፣ ልስንም ላያስፈልገው ይችላል፤ ወጪው የሚቀንሰው እዚያ ላይ ነው። ግን ጥላ ሥር ሆኖ፣ ቢያንስ ለሳምንት ውሃ እየጠጣ መክረም አለበት። ቸኩሎ ፀሐይ ላይ ያሰጣው ሰው ተሰባብሮ ያገኘዋል።

አፈራችሁ ይሆናል አይሆንም? ቤታችሁ ሞክሩት። የላይኛውን ለም አፈር ገፍታችሁ ከሥሩ አንድ እፍኝ ሁለት እፍኝ ውሰዱ። በባዶ የሃይላንድ ጠርሙስ እስከ ሲሶው ሙሉ፣ ውሃ ጨምሩ፣ ትንሽ ጨው ጣል አድርጉ፣ በደንብ በጥብጡትና አሳድሩት። ጠዋት ተደራርቦ ታገኙታላችሁ። ከታች አሸዋው፣ ከመሀል ደቃቁ፣ ከላይ ሸክላው። አሸዋው ከግማሽ በላይ ከሆነ፣ ሸክላውም ሳሳ ብሎ ግን በግልጽ ከታየ፣ ለብሎኬት ተስፋ አለው፤ ወደ ላቦራቶሪ ውሰዱት። አብዛኛው ሸክላ ከሆነ፣ በተለይ ጥቁር ዋልካ ከሆነ፣ ተዉት። ዋልካ ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። እንኳን ለግድግዳ፣ ለመሠረትም ጠላት ነው።

አሁን ስለ መሬት መንቀጥቀጥ ልናገር። እዚህ ላይ ጆሯችሁን ስጡኝ።

በ1953 ዓ.ም. ከእኛ በታች ካራ ቆሬ አካባቢ መሬት ተንቀጠቀጠ። ማጀቴ ከተማ ፈረሰች። ካራ ቆሬም ብዙ ቤት ወደቀ፣ ዋናው መንገድ ተሰነጣጠቀ፣ በሺህ የሚቆጠር ሰው ቤት አልባ ሆነ። ከኮምቦልቻ ተነስታችሁ ወደ አዲስ አበባ ስትሄዱ የምታልፉበት መንገድ ነው። ሩቅ አገር አይደለም። የወደቀው የድንጋይና የጭቃ ቤት ነው። ድንጋይን ሳወድስላችሁ ቆይቼ ይህንን ብደብቃችሁ በደል ነው። በጭቃ ብቻ የተያያዘ፣ ማሰሪያ የሌለው የድንጋይ ግድግዳ ሲንቀጠቀጥ ይበተናል። ሰው ይገድላል።

መፍትሔው ምንድን ነው? ማሰር። ከላሊበላ ወደ ሰሜን፣ ዋሻ ውስጥ ያለውን የይምርሃነ ክርስቶስን ቤተ ክርስቲያን አይታችሁ ከሆነ ግድግዳውን አስታውሱት። አንድ ረድፍ እንጨት፣ አንድ ረድፍ ድንጋይ፣ እንደገና እንጨት። አግድም የተኛው እንጨት ድንጋዩን ዙሪያውን ይዞታል። ዘመኑ 12ኛው ክፍለ ዘመን ነው። እኛ ዛሬ በዚያ እንጨት ፋንታ አርማታና ፌሮ አለን። ቤቱን መቀነት አስታጥቁት! አንዱ መሠረቱ ላይ፣ አንዱ ከበርና መስኮት በላይ፣ አንዱ ጣሪያው ሥር። ሳይቋረጥ ዙሪያውን ይዙር። ጥጎቹ ላይ ፌሮ ከመሠረት እስከ ጣሪያ ይቁም። የድንጋይ ግድግዳው ውስጥም በየጥቂት ረድፉ የውስጡንና የውጩን ፊት የሚያያይዝ ረጅም ድንጋይ ይግባ። በርና መስኮት ጥግ ላይ አትክፈቱ። ፎቅ የምትሠሩ ደግሞ መሐንዲስ ሳያሰላው አትጀምሩ። የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 በ2001 ዓ.ም. ወጥቷል። ፕላኑ ላይ ማኅተም ለማስመታት ብቻ የምንሮጥ ከሆነ ግን አዋጁ ግድግዳ አይደግፍም።

በ2014ቱ ጦርነት ቤታቸው የተጎዳባቸው ወገኖችም እዚህ እንዳላችሁ አውቃለሁ። መልሳችሁ ስትሠሩ የድሮውን ድንጋይ ተጠቀሙበት፣ ምንም አይነካውም። የድሮውን የተሰነጠቀ መሠረት ግን አትመኑት። ከፍታችሁ እዩት።

ሦስተኛው ፀሐይ ነው።

ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ሐረጎን ወርዳችሁ ኮምቦልቻ ስትደርሱ 1,850 ገደማ ነው። 25 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ተጉዛችሁ ጃኬት ታወልቃላችሁ። ባቲ ስትደርሱ ደግሞ ጥላ ትፈልጋላችሁ። ታዲያ ለሦስቱም አንድ ዓይነት ቤት እንዴት ይሆናል? ወረኢሉ ውርጭ ላይ የሚሠራው ቤት ባቲ ላይ ምን ይሠራል?

ደሴ ያለን ፀሐይ እንፈልጋለን። በብርዱ ወራት፣ በኅዳር፣ በታኅሣሥ፣ በጥር፣ የቀትር ፀሐይ ወደ ደቡብ ያዘነብላል። ሳሎናችሁና መኝታችሁ ወደ ደቡብ መስኮት ካላቸው ፀሐዩ ውስጥ ድረስ ይገባል፣ ወለሉንና ግድግዳውን ያሞቃል። ከሚያዝያ እስከ ነሐሴ ፀሐዩ አናት ላይ ነው፣ ትንሽም ወደ ሰሜን ይላል፤ ክፈፉ ይከላከልላችኋል። በምዕራብ በኩል ጦሳ ሥር ያላችሁ ደግሞ ማታ ፀሐይ ቀድማ ትሄድባችኋለች፤ የጠዋቷን አትልቀቋት።

ኮምቦልቻና ባቲ ግን ምሥራቅና ምዕራብ ትልቅ መስኮት አትክፈቱ። አንድ ደንበኛ ኮምቦልቻ ላይ ፊቱ በሙሉ መስታወት የሆነ ቤት አሠራ። ወደ ምዕራብ ነው የሚያየው። ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ሳሎኑ ውስጥ አይቀመጥም። አሁን ወፍራም መጋረጃ አድርጎበታል፣ ቀን በመብራት ነው የሚኖረው። ለመስታወቱም ከፍሏል፣ ለመጋረጃውም፣ ለመብራቱም።

ስለ ኪራይ ቤትም አንድ ነገር ልበል፣ ከርዕሴ ትንሽ ብወጣም። ኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ከተከፈተ በኋላ ሰርቪስ ቤት በየግቢው በዝቷል። ብዙዎቹ አንድ በር፣ አንድ ትንሽ መስኮት፣ ላዩ ቆርቆሮ፣ ኮርኒስ የለም። ሌሊት ፈረቃ ሠርታ የመጣች ልጅ ቀን እዚያ ውስጥ እንዴት ትተኛለች? እስቲ አስቡት። ይህች ልጅ የአንዳችን ልጅ ናት። ከጣሪያው ሥር አየር ማስወጫ፣ ፊት ለፊትና ከኋላ መስኮት፣ ርካሽም ቢሆን ኮርኒስ አድርጉላት። እንኳን ሰው፣ እህልም አየር ይፈልጋል።

አራተኛው ውሃ ነው፣ አጭር ነው። አንድ ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢዘንብ አንድ ሊትር ነው። 50 ካሬ ሜትር ጣሪያ፣ በዓመት 1,000 ሚሊ ሜትር ዝናብ፣ 50,000 ሊትር ማለት ነው። ከፊሉ ይባክናል እንበል፣ 40,000 ይቀራል። ይህንን ሁሉ ዳገታችሁ ላይ እየደፋችሁ በየሳምንቱ ጀሪካን ትደረድራላችሁ። አሸንዳ ግጠሙ፣ ሮቶ አስቀምጡ። የሮቶውን ትርፍ ውሃ ደግሞ ወደ ጋራ ቦዩ ውሰዱት። የመጀመሪያውን ዝናብ አስወግዱት፣ የጣሪያ አቧራ ነው።

ከማዘጋጃ ቤት የመጣችሁ ባለሙያዎችም አላችሁ፣ አመሰግናለሁ። ከእናንተ አንድ ነገር እለምናለሁ። ፈቃድ ሲጠየቅ ጥያቄው «ግንብ ነው ጭቃ?» ብቻ አይሁን። በደንብ የታሰረ የድንጋይ ቤት፣ በላቦራቶሪ የተፈተነ የአፈር ብሎኬት፣ ለቋሚ ቤት ፈቃድ ይሰጠው። ማኅበራቱ አንድ ቤት ለናሙና ይሥሩ፣ እናንተ ተከታተሉት፣ ለኩት፣ ፈትሹት። ዲዛይኑን በነጻ እሠራለሁ፣ በዚህ ሁሉ ሰው ፊት ቃሌ ነው።

እናንተ ደግሞ ለሚቀጥለው ስብሰባ የጠርሙሱን ሙከራ ሠርታችሁ ኑ። እያንዳንዱ አባል ከራሱ መሬት ያምጣ፣ ስሙንና የቦታውን ቁጥር ይለጥፍበት። ሳትበጠብጡት ያዙት፣ እዚህ ጠረጴዛ ላይ ደርድረን አብረን እናየዋለን። አሁን ወደ ጥያቄ እንለፍ። ከኋላ እጅሽን ያነሳሽው እህት፣ ካንቺ እንጀምር።